ደሞዜ ወር አይደርስም፣ ምን ይሻለኛል?

ኪሴ_ባዶ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ደሞዜ በገባ በ15 ቀኑ እልም ይላል። ትልቅ ነገር ገዝቼ እንኳ አይደለም። በጀት ሞክሬ ሁለት ቀን አልዘለቅኩም። ሳልሰቃይ የምቆጥብበት መላ ያለው አለ?

ቁጥር_ወዳድ፦ በጀቱን ተወውና መጀመሪያ ለ1 ወር ያወጣኸውን ብቻ ስልክህ ላይ መዝግብ። እኔ ስመዘግብ ነው ረስቻቸው በየወሩ ገንዘብ ሲቆርጡብኝ የነበሩ ሁለት አፖች ያገኘሁት፣ በጣም ነው የተናደድኩት! ደግሞ የተረፈኝን እቆጥባለሁ ካልክ መቼም አይተርፍህም። ደሞዝ በገባበት ቀን ባንኩ ራሱ ወደ ሌላ ሂሳብ እንዲያዛውርልህ አድርግ፣ 5 በመቶም ብትሆን።

ዝም_አልልም፦ ትልቁ እሽግ ሁሌ ይረክሳል ያለው ማነው? ዋጋውን ለክብደቱ አካፍሉት። 400 ግራሙ 100፣ 1 ኪሎው 270 ከሆነ ትንሹ ነው የሚያዋጣው።

እንግዳ፦ ዕዳ ካለብህስ? በዓመት 18 በመቶ ወለድ እየከፈልክ 7 በመቶ በሚያስገኝ ሂሳብ መቆጠብ ኪሳራ ነው። ለክፉ ቀን ትንሽ ያዝና የቀረውን ዕዳው ላይ አውለው።

ኪሴ_ባዶ፦ ኧረ አሁን ስልኬን አየሁት። ገንዘብ የሚቆርጡብኝ አፖች የኔዎቹ 3 ናቸው።