ወቅታዊ ዜና በሲቪል ሰርቪስ ፈተና የሚመጣው እንዴት ነው?

ጥያቄ፦ ለህንድ የሲቪል ሰርቪስ ፈተና፣ በተለይ ለአስተዳደር ክፍሉ፣ ጋዜጣ ማንበብ ግድ ነው ይባላል። ጥያቄዎቹ ግን ዜናውን በስሙ ብዙም አይጠሩትም። ታዲያ ከዜናው ምኑን ልያዝ?

መልስ 1፦ ዜናው መነሻ ነው፤ የሚጠየቀው ከሥሩ ያለው መርህ ነው። የምርጫ ቦንድን ውሰድ፤ ለጋሹ ስሙ ሳይገለጽ ለፓርቲ ገንዘብ የሚሰጥበት ሰነድ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ሥርዓቱን የሻረው የመራጩን የማወቅ መብት፣ ማለትም የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 19(1)(ሀ) ይጥሳል ብሎ ነው። ቀኑን የሚጠይቅህ የለም። «የለጋሹ ምስጢርና የመራጩ መብት ሲጋጩ የቱ ይቅደም? መርምር» ብለው ግን ያመጡልሃል።

መልስ 2፦ በመልስ 1 እስማማለሁ፤ አያያዙ ላይ ግን ልጨምር። ለአንድ ዜና ከግማሽ ገጽ በላይ አትጻፍ፦ የትኛው አንቀጽ ወይም ሕግ፣ የትኛው ተቋም፣ ክርክሩ በማንና በማን መካከል፣ ምን የማሻሻያ ሐሳብ ቀረበ። ጋዜጣ ቆርጦ መለጠፍ ጊዜ ማባከን ነው። የአስተዳደር ጥያቄ የሚወጣበት ሁለተኛው የጠቅላላ ዕውቀት ወረቀት 20 ጥያቄ በ3 ሰዓት ነው፤ ለአንዱ 9 ደቂቃ። ባለ10 ነጥቡ ጥያቄ የሚመለሰው በ150 ቃል ብቻ ስለሆነ ዜናው ከሁለት ዓረፍተ ነገር ካለፈ ለትንተናው ቦታ አይተርፍም።

መልስ 3፦ አዲስ ሕግ ሲወጣ የነካውን አሮጌ ሕግ አብረህ ክፈት። እ.ኤ.አ. የ2023ቱ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ እ.ኤ.አ. የ2005ቱን የመረጃ መብት ሕግ አንቀጽ 8(1)(j)ን፣ ማለትም የግል መረጃ እንዳይሰጥ የሚፈቅደውን ድንጋጌ፣ ቀይሯል። ብዙዎች አዲሱን ሸምድደው ይህችን ነጥብ ይስቷታል፤ ጥያቄው የሚወጣው ደግሞ ከዚያው መጋጠሚያ ነው።