ልጄ 18 ሊሞላው ነው፤ ትምህርት ቤቱ ሊያሰናብተው ነው?

ጥያቄ (የአሌክሳንድሪያ እናት)
ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። ልጄ ኦቲዝም አለበት፤ 12ኛ ክፍል ነው፣ ማርች ላይ 18 ይሞላዋል። ብዙ አያወራም። የጫማውን ማሰሪያ ብቻውን ማሰር የቻለው ገና ዘንድሮ ነው። አሁን "ጁን ላይ ይመረቃል" የሚል ደብዳቤ መጣልኝ። ከዚያ በኋላ ቤት ሊቀመጥ ነው? ያለፋችሁበት እባካችሁ ንገሩኝ።

መልስ (ረዳት መምህርት፣ ቨርጂኒያ)
አይዞሽ እህቴ። 18 ስለሞላው ብቻ አገልግሎቱ አይቆምም። የሚያስቆመው መደበኛው ዲፕሎማ ነው። እሱን ከተቀበለ በፌዴራል ሕጉ መሠረት የልዩ ፍላጎት ትምህርት መብቱ ያበቃል። እኛ ጋ ግን "አፕላይድ ስተዲስ" የሚባል ዲፕሎማም አለ። እሱን ቢወስድ መብቱ አይነካም። ስለዚህ ነገ ጠዋት ደውለሽ "የምትሰጡት የትኛውን ነው?" በያቸው፤ መልሱን በጽሑፍ ተቀበይ።

መደበኛውን ካልወሰደ እስከ 22 መማር ይችላል። 22ኛ ልደቱ ከሴፕቴምበር 30 በኋላ የሚውል ልጅ ደግሞ ያን የትምህርት ዓመት ይጨርሳል። ያንቺ ልጅ የማርች ስለሆነ ይህ ይጠቅመዋል። በነዚህ ዓመታት አውቶቡስ መያዝ፣ ገበያ ወጥቶ መግዛት፣ ሥራ መለማመድ አይኢፒው (ለሱ ብቻ የሚዘጋጀው የትምህርት ዕቅድ) ላይ እንዲጻፍለት ጠይቂ። ሒሳብና ንባብ ብቻ ተጽፎ ካየሽ ዝም አትበይ።

መልስ (አባት፣ ሜሪላንድ)
እኛ ጋ የሚያበቃው 21 የሞላበት የትምህርት ዓመት ሲያልቅ ነው። ሚሺጋን ደግሞ እስከ 26 ይሄዳል። ቤት ከመቀየራችሁ በፊት የስቴቱን ሕግ ጠይቁ።

ሌላው፣ እናንተ ጋ ቨርጂኒያ 18 ሲሞላው የትምህርት ወረቀት የመፈረም መብቱ ከወላጅ ወደ ልጁ ይዞራል። ብዙ ሰው በድንጋጤ ለሞግዚትነት ፍርድ ቤት ይሮጣል። ሞግዚትነት ግን ከልጁ ብዙ መብት ይወስዳል፤ ነገር የሚገባው ልጅ ከሆነ ውክልና ሊበቃ ይችላል።

መልስ (ረዳት መምህርት፣ ቨርጂኒያ)
እውነት ነው። መወሰን ለማይችል ልጅም ቨርጂኒያ ውስጥ ሌላ መንገድ አለ፦ በባለሙያዎች ማስረጃ፣ ለትምህርቱ ጉዳይ ብቻ ወላጅ ወኪሉ ይሆናል።

መልስ (የ24 ዓመት ልጅ እናት)
የኔ እህት፣ ከትምህርት ቤት ከወጣ በኋላ ማንም ፈልጎሽ አይመጣም። የሜዲኬይድ ዌይቨር (ቤቱና ሰፈሩ ሆኖ ድጋፍ የሚያገኝበት የመንግሥት ፕሮግራም) ወረፋው ረጅም ነው፤ አካባቢሽ ያለው ሲኤስቢ (ምዝገባውን የሚሠራው ቢሮ) ሄደሽ ዛሬውኑ አስመዝግቢው። በገቢያችሁ ምክንያት ኤስኤስአይ (መንግሥት ለአካል ጉዳተኛ በየወሩ የሚሰጠው ገንዘብ) ተከልክሎ ከነበረም 18 ሲሞላው እንደገና አመልክቺ፤ ከዚያ ወዲያ የወላጅ ገቢ አይቆጠርም። ለኤስኤስአይ ግን ዜግነት ወሳኝ ነው። ግሪን ካርድ ይዞ አብሯችሁ የሚኖር ልጅ 18 ሳይሞላው አንዳችሁ ዜጋ ከሆናችሁ እሱም ዜጋ ይሆናል። የዜግነት ማመልከቻችሁን ያቆያችሁ ካላችሁ አሁኑኑ አስገቡ።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአይኢፒ ስብሰባ ላይ እንግሊዝኛው ይከብደኛል፤ ታላቅ እህቱን ይዤ ልሂድ?

መልስ (ረዳት መምህርት)
እህቱ ትምጣ፣ አታስተርጉም ግን። አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው፤ አትከፍዪም። ቀኑ ሲቆረጥ "የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ" ብለሽ በኢሜይል ላኪላቸው።