አባባ ፔስሜከር ከተገጠመለት ወዲህ ስቅታ አልለቀው አለ

ጥያቄ፦
አባባ ፔስሜከር (የልብ ምት የሚያስተካክል ትንሽ ማሽን) ከተገጠመለት 16 ቀኑ ነው። ከሐሙስ ጀምሮ ስቅታ ይዞታል። ዝም ብሎ ተጋድሞ እንኳ ከግራ ጎድኑ በታች ሆዱ ትር ትር ይላል። እጄን አሳርፌ ሰዓት እያየሁ ቆጠርኩት፤ በደቂቃ ልክ 60። ትናንት ከወንበር ሲነሳ አዞረውና ግድግዳ ይዞ ቆመ። ቁስሉ ደርቋል፤ ትኩሳትም የለውም። ቀጠሮው ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል። እሱ «ስቅታ ብሎ ሐኪም ቤት ይኬዳል እንዴ?» ይለኛል። ልጠብቅ ወይስ ልውሰደው?

መልስ 1 (የልብ ክፍል ነርስ)፦
እህቴ፣ ቀጠሮ አትጠብቂ። ዛሬውኑ ውሰጃቸው። ስቅታ እንዲህ ሰዓት ጠብቆ አይመጣም። ማሽኑ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚስተካከለው በደቂቃ 60 እንዲመታ ነው። ከማሽኑ ወደ ልብ የሚሄደው ሽቦ ከተተከለበት ተንሸራቶ ድያፍራሙን (ደረትን ከሆድ የሚለየውን የመተንፈሻ ጡንቻ) ወይም የድያፍራሙን ነርቭ እየመታ ይመስለኛል። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ማዞሩ ነው፤ ምቱ ልብን ሳያንቀሳቅስ እየቀረ ሊሆን ይችላል። ሽቦ በብዛት የሚንሸራተተው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ጫፉ ገና ከልብ ጡንቻው ጋር በደንብ አልተያያዘም።

ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ያነሷቸዋል፣ ማሽኑን ያነቡታል፣ ኤክስሬይ አንስተው ከመጀመሪያው ጋር ያስተያዩታል። ሽቦው ቦታው ላይ ካለ ቮልቴጁን (የምቱን ጉልበት) ዝቅ ማድረግ ሊበቃ ይችላል። ከተንሸራተተ ግን እንደገና ይተከላል። የማሽኑን ካርድ እንዳትረሺ። ራሳቸውን ከሳቱ አምቡላንስ ጥሪ።

መልስ 2፦
የእኔ ፔስሜከር ሽቦ ደግሞ የተበጠሰው በ9ኛው ዓመት ነው። ግራ እጄን ሳነሳ ዓይኔን ጭልም ያደርገኝ ነበር። ሁልጊዜ 500 ገደማ የነበረው የሽቦው ኦም (ኤሌክትሪክ የመቋቋም መጠኑ) ከ3000 አልፎ ተገኘ። የተሰበረው ከአንገት ሥር ባለው አግዳሚ አጥንትና በመጀመሪያው ጎድን መሃል ነበር፤ እዚያ ሲጨፈለቅ ኖሯል። አዲስ ሽቦ አስገቡልኝ፤ የአሮጌውን ጫፍ ደፍነው ተውት። ከደም ሥሩ ጋር ስለተጣበቀ መንቀሉ የራሱ አደጋ አለው። ከዚያ ወዲህ በየቼክአፑ የኦም ቁጥሬን ጠይቄ ደብተር ላይ እጽፋለሁ።

መልስ 3 (ነርሷ)፦
መንቀል ግድ የሚሆነው ኢንፌክሽን ሲገባ ነው። ማሽኑ ያለበት ቦታ ከቀላ፣ ካበጠ ወይም ፈሳሽ ካወጣ፣ እባካችሁ በመርፌ አታስቀዱት። አንቲባዮቲክ ብቻውንም አያድንም፤ ማሽኑም ሽቦዎቹም መውጣት አለባቸው። ክኒን እየዋጡ ሰንብተው እስከ ልብ ቫልቭ የደረሰባቸውን አይቻለሁ።

ጠያቂዋ፦
ወሰድኩት። ሽቦው ተንሸራቶ ነበር፤ ማታውኑ መልሰው ተከሉለት። አሁን አጠገቡ ነኝ። እጄን ሆዱ ላይ አሳርፌ ሁለት ደቂቃ ቆየሁ። ምንም የለም። ተኝቷል።