ክርክር፦ የስሪዲ ተማሪ ከየትኛው ነጻ ሶፍትዌር ይጀምር?

የክርክሩ ጥያቄ፦
ስሪዲ ወይም ባለ ሦስት አውታረ መጠን ግራፊክስ የሚያስተምር ተቋም ለሶፍትዌር ሳይከፍል ማስተማር ቢፈልግ፣ እንደ ብሌንደር ያለ ምንጭ ኮዱ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ይምረጥ ወይስ እንደ ማያ ያሉ የንግድ ሶፍትዌሮች ለተማሪ በነጻ የሚሰጡትን ፈቃድ ይጠቀም?

ተከራካሪ አንድ፦
ብሌንደር ይሻላል የምለው ስለማይከፈልበት ብቻ አይደለም፤ የተማሪው ፈቃድም አይከፈልበትም። ልዩነቱ የሚታየው ትምህርቱ ሲያልቅ ነው። የተማሪ ፈቃድ በየዓመቱ የሚታደስ፣ ለንግድ ሥራ የማይፈቀድና ተማሪነት ሲያበቃ አብሮ የሚያበቃ በመሆኑ፣ ተመራቂው ያጠራቀማቸውን ፋይሎች ይዞ ሥራ ልጀምር ሲል ወይ መክፈል ወይ የራሱን ሥራ መክፈት አለመቻል ይጠብቀዋል። ሁዲኒ የተባለው ሌላ የንግድ የስሪዲ ሶፍትዌር በነጻ የሚሰጠው አፕረንቲስ የተባለ እትምም ፋይሉን ከንግዱ እትም በተለየ ፎርማት ያስቀምጣል፤ ሬንደር በሚያደርገው፣ ማለትም ከስሪዲው ሥራ አስልቶ በሚያወጣው ምስል ላይም ምልክት ያትማል። ብሌንደር የሚሰራጭበት የጂፒኤል ፈቃድ ግን የሚመለከተው ፕሮግራሙን እንጂ በፕሮግራሙ የተሠራውን ምስል አይደለም፤ ሥራው የሠሪው ነው፣ ሊሸጠውም ይችላል።

ታሪኩም ይታሰብ። ብሌንደርን ይዞ የነበረው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲከስር፣ የሶፍትዌሩ ፈጣሪ ቶን ሮዘንዳል ኮዱን ነጻ ለማውጣት 100,000 ዩሮ እንዲዋጣ ጠየቀ፤ ገንዘቡ በሰባት ሳምንት ተሰበሰበ፣ ኮዱም በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ለሁሉም ተለቀቀ። በአንጻሩ ሶፍትኢማጅ የተባለውን የታወቀ የስሪዲ ሶፍትዌር ባለቤቱ አውቶዴስክ እ.ኤ.አ. በ2014 እንደሚያቋርጠው አስታወቀ። ተጠቃሚዎቹ ኮዱ በእጃቸው ስላልነበረ ተረክበው ሊያስቀጥሉት አልቻሉም። ተቋም የተማሪዎቹን የወደፊት ሥራ በአንድ ኩባንያ ውሳኔ ላይ ማንጠልጠል የለበትም።

ተከራካሪ ሁለት፦
ስለ ፋይሉ ባለቤትነት ያሉትን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን አብዛኛው ተማሪ የሚማረው ለመቀጠር ነው። ትልልቅ የፊልም ስቱዲዮዎች በማያ ዙሪያ የራሳቸውን መሣሪያዎች ለዓመታት ሲጽፉ ኖረዋል፤ አዲስ ገቢ በሌላ ሶፍትዌር ልሥራ ቢል የቡድኑ የሥራ ቅብብል ይሰናከላል። ለጭስ፣ ለውሃና ለፍንዳታ ደግሞ ብሌንደር ከሁዲኒ እኩል ነው ማለት ይከብደኛል። ተማሪን ቀጣሪው በማይጠቀምበት መሣሪያ አሠልጥኖ መላክ እርሱን መጥቀም አይመስለኝም።

ተከራካሪ ሦስት፦
ሁለታችሁም ያሰባችሁት አኒሜሽንን ብቻ ነው። ተማሪው የሚነድፈው የማሽን ዕቃ ከሆነ ብሌንደርም ማያም አይሆኑትም። እነርሱ ቅርጽን በዋናነት የሚይዙት በነጥቦች፣ በጠርዞችና በገጾች መረብ ስለሆነ፣ የአንድ ቀዳዳ ስፋት ከ8 ወደ 10 ሚሊሜትር ይቀየር ሲባል ብዙ ጊዜ መረቡን በእጅ ማስተካከል ይጠይቃል። ፍሪካድ የተባለው የምሕንድስና ንድፍ ሶፍትዌር ግን ልኩን ራሱን መዝግቦ ስለሚይዝ ቁጥሩ ሲለወጥ ቅርጹም ተከትሎ ይስተካከላል፤ እርሱም ምንጭ ኮዱ ክፍት ነው።

ተከራካሪ አንድ፦
ስለ ፍሪካድ የተባለው ትክክል ነው፤ ለምሕንድስና ተማሪ እኔም እርሱን እመርጣለሁ። ለሁለተኛው ተከራካሪ ግን መልስ አለኝ። ንጹሕ መረብ መሥራት፣ ብርሃን ማስቀመጥ፣ እንቅስቃሴን በትክክለኛው ጊዜ ማዋል ከሶፍትዌር ሶፍትዌር የሚለወጡ ዕውቀቶች አይደሉም፤ የሚለወጠው የቁልፎቹና የምናሌዎቹ ቦታ ነው። ብሌንደር ለትልቅ ሥራ አይበቃም የሚለው ሐሳብም ቢሆን አብቅቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የምርጥ አኒሜሽን ኦስካርን የወሰደው የላትቪያው ፊልም የተሠራው በብሌንደር ነው። ሥራን ከአንዱ ወደ ሌላው ለማሻገርም የአኒሜሽን ፊልም ስቱዲዮው ፒክሳር እ.ኤ.አ. በ2016 ኮዱን ክፍት ያደረገው ዩኤስዲ የተባለ የስሪዲ ፋይል ፎርማት አለ፤ ብሌንደርም ማያም ሁዲኒም ያነቡታል።

ሆኖም ሁሉም ነገር አይሻገርም። ቅርጹና የተቀረጸው እንቅስቃሴ ቢያልፍም፣ ገጸ ባሕሪውን የሚያንቀሳቅሱት አጥንቶችና መቆጣጠሪያዎች፣ ማለትም ሪጉ፣ በአብዛኛው እንደገና መሠራት አለበት። ስለዚህ መሠረቱን ሁሉም በብሌንደር ይማር፤ በስቱዲዮ ውስጥ የሪግ ባለሙያ ለመሆን የቆረጠ ተማሪ ግን በትምህርቱ የመጨረሻ ዓመት የማያን የተማሪ ፈቃድ ቢጨምርበት አልቃወምም።