የታጎር ልደት ሜይ 7፣ 8 ወይስ 9? የቤንጋሎች የመታሰቢያ ቀኖችና ሥርዓታቸው

ሰብለ_ሻርጃ

ሰላም ወገኖች። መሥሪያ ቤታችን ያሉት ቤንጋሎች፣ ገሚሶቹ ከባንግላዴሽ ገሚሶቹ ከሕንዷ ኮልካታ፣ የገጣሚያቸውን የታጎርን ልደት አብረው ሊያከብሩ ነው። እኛ ሐበሾችም አዳራሽ በማስዋብ እንድናግዝና አንድ ግጥም በአማርኛ እንድናነብ ጠይቀውናል።

የባንግላዴሾቹ ሜይ 8 ይላሉ፣ የኮልካታዎቹ ሜይ 9፣ ኢንተርኔት ደግሞ የተወለደው ሜይ 7 ነው ይላል። ማንን ልመን? ፎቶ ላይ አበባ ማንጠልጠሉና መብራቱስ አምልኮ ነው ወይስ አክብሮት? በባዶ እግር የሚኬድበት ሌላ ቀንም አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። የምታውቁ አስረዱኝ።

ባሕረ_ሐሳብ

እህቴ፣ ሦስቱም ልክ ናቸው። ታጎር ኮልካታ ጆራሳንኮ ከሚገኘው የቤተሰቡ ግቢ የተወለደው እ.ኤ.አ. ሜይ 7 ቀን 1861 ነው። በቤንጋል አቆጣጠር ቀኑ ቦይሻክ (የመጀመሪያው ወራቸው) 25፣ 1268 ይባላል። የሚከበረው ይኸው ቦይሻክ 25 ነው፤ ሜይ 7ን የሚያነሣ የለም። በዓሉ ራሱ በቀኑ ስም «ፖቺሼ ቦይሻክ» ይባላል፣ እኛ «ግንቦት ልደታ» እንደምንለው።

ልዩነቱ የሚመጣው ሁለቱ አገሮች ወር ሲቆጥሩ ነው። ባንግላዴሽ ወሮቹን በቋሚ ቁጥር አስራቸዋለች። ከ2019 ወዲህ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወሮች 31፣ ቀጣዮቹ 30 ቀን አላቸው፤ ፋልጉን ብቻ 29 ሆኖ በሠግር ዓመት 30 ይሆናል። ዘመን መለወጫቸው ሁልጊዜ ኤፕሪል 14 ስለሆነ ቦይሻክ 25 ሁልጊዜ ሜይ 8 ላይ ይውላል። ኮልካታ ግን ፓንጂካ በሚባለው ባህላዊ መጽሐፍ ነው የምትሄደው። እሱ ፀሐይ ከአንዱ የኮከብ ቤት ወደ ሌላው የምትገባበትን ሰዓት ስለሚከተል የወሮቹ ርዝመት ይለዋወጣል። ዘመን መለወጫው አብዛኛውን ጊዜ ኤፕሪል 15፣ አንዳንድ ዓመት 14 ነው። በዚያው ልክ የታጎር ልደት ሜይ 9 ይሆንና አልፎ አልፎ 8 ይመጣል። በ2024 ለምሳሌ ሁለቱም ሜይ 8 ላይ ተገናኝተው ነበር።

በእኛ ቆጠራ ሜይ 8 ሚያዝያ 30 ነው፣ ሜይ 9 ደግሞ ግንቦት 1። የኮልካታው ቀን እንግዲህ አብዛኛውን ጊዜ የልደታ ንፍሮ ከሚቀቀልበት ቀን ጋር ይገጥማል።

የቤንጋልን ዓመት ወደ ፈረንጅ ለመመለስ ከኤፕሪል አጋማሽ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 593፣ ከጃንዩዋሪ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ 594 ደምሪ። ሰው የሚሳሳተው በሁለተኛው ነው፤ 593 ብቻ ይዞ ይሄድና አንድ ዓመት ይጎድልበታል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው በፀሐይ ወር ለሚታሰቡት ነው። ሰው ሲቀየር ቆጠራውም ይቀየራል፦

የሂንዱ መነኩሴው ስዋሚ ቪቬካናንዳ የተወለደው ጃንዩዋሪ 12 ቀን 1863 ነው። የሕንድ መንግሥት ከ1985 ጀምሮ ያን ቀን የወጣቶች ቀን ብሎ ያከብረዋል። የራሱ ገዳም ቤሉር ማት ግን በጨረቃ ስለሚቆጥር ቀኑ በየዓመቱ ይንከራተታል። መምህሩ ራማክሪሽናም እንዲሁ ነው፤ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1836 ቢወለድም ገዳሙ የሚያከብረው በፋልጉን ወር ጨረቃ ከጠባች በሁለተኛው ቀን ነው። ሲልሄት ያለው የሙስሊሙ ቅዱስ የሻህ ጃላል ኡርስ (ዓመታዊ መታሰቢያ) ደግሞ በሂጅራ ዙልቃዳ 19 እና 20 ስለሆነ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይሸሻል። ዘማሪው ፈላስፋ ላሎን ፋኪር ሁለት ቀን አለው፦ ያረፈበት ካርቲክ 1 (ኦክቶበር 17 ቀን 1890) እና ዶል በሚባለው የጸደይ በዓል ሙሉ ጨረቃ። ሁለቱም ኩሽቲያ፣ ቼውሪያ መቃብሩ ዘንድ ነው። የነፃነት ታጋዩ ነታጂ ሱባስ ቦዝ ጣጣ የለውም፣ ጃንዩዋሪ 23 ነው። ብቻ የእሱን «የሞት ቀን» እንዳታነሺ። በ1945 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ የሚለውን ብዙ ቤንጋል እስከ ዛሬ አልተቀበለውም፤ የሚከበረው ልደቱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ቀን ከመጠየቅሽ በፊት «በየትኛው ቆጠራ?» ብለሽ ጠይቂ።

ነጠላ_ጥለት

ፎቶውን በተመለከተ፦ ለታጎር የሚደረገው አክብሮት ነው። ቤተሰቡ ብራህሞ ሳማጅ የሚባለው፣ ምስል የማያመልክ እንቅስቃሴ ውስጥ የነበረ ነው። አበባ፣ መብራትና ሰንደል ግን በቤንጋል ለመምህርም፣ ለአባትም፣ ለአምላክም የሚቀርብ የአክብሮት ወግ ስለሆነ ለታጎርም ይደረጋል። ራማክሪሽና ፎቶ ፊት የሚደረገው ግን አምልኮ ነው፤ እዚያ ቀሳውስቱ ካልጋበዙ በስተቀር ቆሞ ማየት ይበቃል። ለሙስሊሙ ገጣሚ ለናዝሩል ዳካ ላይ፣ ዩኒቨርሲቲው መስጊድ አጠገብ ባለው መቃብሩ፣ አበባ ይቀመጣል፣ ፋቲሃ (የቁርኣን መክፈቻ) ይነበባል። መብራትና ሰንደል የለም።

አሁን ወደ ሥራው። ፎቶውን ነጭ ወይም ቢጫ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ፣ ከተቀመጠ ሰው ዓይን ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ወለል ላይ አይሁን፣ ከጀርባውም የጫማ መደርደሪያ አይሁን። አበባው ሮጆኒጎንዳ የሚባለው ነጭ፣ ረጅም ግንድ ያለው፣ ማታ የሚሸት አበባ ነው። ካጣችሁ ከሕንድ ሱቅ የሚሸጠው በክር የተሰካ ጃስሚን ይሆናል። ጉንጉኑ የፍሬሙን ሁለት ትከሻ ይዞ ደረት ላይ ይውረድ፤ ፊቱን እንዳይሸፍን ክሩን ከኋላ በፕላስተር ያዙት። አጥብቃችሁ ካላሰራችሁት አበባው ውሃ ሲጠጣ ይከብድና ንግግር መሃል ፎቶውን ይዞ ይወድቃል። በጣም የተለመደ አደጋ ነው።

አበባውን ከማቅረባችሁ በፊት አታሽቱት። የተሸተተ አበባ የተቀመሰ ምግብ ማለት ነው፣ አይቀርብም። መሬት የወደቀም አይነሣም። በቀኝ እጅ ወይም በሁለት እጅ አቅርቡ። በሕይወት ያለ ሰው ፎቶ ላይ ደግሞ ጉንጉን አታድርጉ፤ «ሞቷል» ማለት ነው። የክብር እንግዳ ካላችሁ አንገቱ ላይ እንጂ ፎቶው ላይ አይደረግም።

ቾንዶን የሰንደል እንጨት ነው። በሸካራ ድንጋይ ላይ በጥቂት ጠብታ ውሃ ሲታሽ ለጥ ያለ ቅባት ይወጣዋል። ከዚያ በጣት ጫፍ በመስታወቱ ላይ ግንባሩ ጋ አንድ ነጥብ። መስታወት የሌለው ፎቶ ከሆነ ይቅር፣ ወረቀቱን ያቆሽሸዋል።

ወለሉ ላይ የሚሣለው ነጭ ጌጥ አልፖና ይባላል። አንድ ኩባያ ሩዝ ሁለት ሦስት ሰዓት ዘፍዝፋችሁ ከውሃ ጋር ፍጩት። ከእንጀራ ሊጥ ቀጠን ማለት አለበት። ቁራጭ ጥጥ ጨርቅ ነክራችሁ በመዳፍ ያዙና በቀለበት ጣት እየጎተታችሁ ሣሉ። ሲሣል እምብዛም አይታይም፣ ሲደርቅ ነው የሚነጣው፤ ስለዚህ «አልታየም» ብላችሁ አትደራርቡት፣ ይሰነጠቃል። በልስልስ ሸክላ ወለል ላይ ስለማይዝ ማንኪያ የእንጨት ሙጫ ጨምሩበት። ወለሉ ነጭ ከሆነ ቀይ ወይም ቡናማ ወረቀት አንጥፋችሁ እሱ ላይ ሣሉ። እግር ከማይበዛበት ጥግ ይሁን፤ ዘጠና በመቶ አልፖና የሚጠፋው በካሜራ ባለሙያ ጫማ ነው።

መብራቱን ከጉንጉኑ ቢያንስ አንድ ክንድ አርቁት፣ ክሩ ብዙ ጊዜ ናይለን ነውና። የተከራያችሁት አዳራሽ ነበልባል ከከለከለ የባትሪ መብራት ማንንም አያስቀይምም።

ቀለም_ቀንድ

ስለ ግጥሙ ጥቂት ልጨምር። ታጎር በ1941 ስለሞተ ሕንድ ውስጥ የሥራዎቹ መብት በ2001 መጨረሻ አብቅቷል። ከኦሪጅናሉ ራሳችሁ ብትተረጉሙ ችግር የለም። ሌላ ሰው በቅርብ የተረጎመውን መውሰድ ግን የዚያን ተርጓሚ ሥራ መውሰድ ነው። ቤንጋሊ የሚያውቅ የሥራ ባልደረባ አጠገባችሁ አስቀምጡና መስመር በመስመር ተርጉሙ። ታጎር ራሱ ያዘጋጀው የጊታንጃሊ (የግጥም መጽሐፉ) እንግሊዝኛ ግጥሙን ወደ ስድ ንባብ ስለቀየረው፣ ከዚያ የሚነሣ አማርኛ ዜማው ይጠፋበታል። ከ16 መስመር አይብለጥ። ቤንጋሊው መጀመሪያ፣ አማርኛው ቀጥሎ።

የስሞቹን አጠራር ተጠንቀቁ። ቤንጋሎች ብዙውን «አ» ወደ «ኦ» ይወስዱታል፦ ሮቢንድሮናት፣ ኖዝሩል። «ቪ» ስለሌላቸው ቪቬካናንዳ «ቢቤካኖንዶ» ይሆናል። የታጎር የቤተሰብ ስም በእነሱ አፍ «ታኩር» ነው፣ ሕዝቡም «ሮቢ ታኩር» ይለዋል። ነገር ግን የራማክሪሽና ምእመን ብቻውን «ታኩር» ካለ ራማክሪሽናን ማለቱ ነው። ሙሉውን ስም ከመጥራት የሚበልጥ መድኃኒት የለም።

መዝሙር ላይ ደግሞ የሚያስቸግር ነገር አለ። የሁለቱም አገሮች ብሔራዊ መዝሙር የታጎር ነው። የባንግላዴሹን በ1905 የጻፈው የቤንጋል ክፍፍልን ለመቃወም ሲሆን፣ መዝሙር የሆኑት የመጀመሪያዎቹ አሥር መስመሮች ናቸው። አንድ ዘፋኝ እንደ ዘፈን አድርጎ ሲጀምረው ግማሹ አዳራሽ ይቆማል፣ ግማሹ ተቀምጦ ያጨበጭባል፣ ሁለቱም ወገን ይከፋል። መዝሙር ከሆነ ሁለቱንም በመክፈቻው ላይ አስቀምጡ፣ «እንቁም» ብሎ የሚያስተዋውቅ ይኑር። ካልሆነ ሁለቱንም ተዉና በ1941 ለመጨረሻ ልደቱ የተዘጋጀውን «ሄ ኑቶን»ን ይዝፈኑ፤ ለዚህ ቀን የተለመደ ነው።

የባንግላዴሽን ፖለቲካ ከመድረክ አርቁ። ኦገስት 15፣ የባንግላዴሽ መሥራች መሪ ሼክ ሙጂብ የተገደለበት ቀን፣ ብሔራዊ የሐዘን ቀን ሆኖ ቆይቶ በ2024 ተሰርዟል። አንድ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች በዚህ ላይ አይስማሙም።

ስድስት_ኪሎ

ባዶ እግሩ «ኤኩሼ» ነው፣ ፌብሩዋሪ 21። በ1952 (በእኛ 1944) ቤንጋሊ የመንግሥት ቋንቋ ይሁን ብለው ዳካ ላይ የወጡ ተማሪዎች ላይ ፖሊስ ተኮሰ። ባርካት፣ ራፊቅ፣ ጃባር፣ ሰላምና ሻፊዩር በስም የሚታወሱት ናቸው። ዩኔስኮ በ1999 ቀኑን ዓለም አቀፍ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን አደረገው። ለእኛ የካቲት 14 ነው (በፈረንጁ ሠግር ዓመት 13)፣ ከየካቲት 12 ሰማዕታት ጋር ጎን ለጎን። የ2019 የካላንደር ማሻሻያም አንዱ ምክንያት ይህ ነበር፦ ፌብሩዋሪ 21 እንደ 1952ቱ ሁሉ ፋልጉን 8 ላይ እንዲያርፍ።

ይህ በዓል ሳይሆን ሐዘን ነው። ልብስ ነጭና ጥቁር፣ ደረት ላይ ጥቁር ጨርቅ። የባንግላዴሽ ባንዲራ እስከ መሃል ዝቅ ይላል። ዳካ ላይ ከሌሊቱ 6:01 የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል። ጎሕ ሲቀድ ደግሞ ሰው ባዶ እግሩን እየዘመረ ወደ ሸሂድ ሚናር፣ ወደ ሰማዕታቱ ሐውልት፣ ይሄዳል። «እንኳን አደረሳችሁ» አይባልም፣ ኬክ አይቆረስም።

ውጭ አገር ያሉት የሐውልቱን አምሳያ ከካርቶን ይሠራሉ። አምስት ክፈፍ ነው፤ የመሃሉ ረጅምና ሰፊ፣ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት አጫጭር። እናት ከልጆቿ ጋር ናት ይባላል። የመሃሉ ላይኛው ክፍል ወደ ፊት አጎንብሶ ይወርዳል፣ ከኋላው ትልቅ ቀይ ክብ። የመሃሉን 150 ሳንቲ ካደረጋችሁት ከ100 ሳንቲ በላይ ያለውን ወደ ፊት እጠፉት። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያደላ አበባው ሲቀመጥ ይደፋል። መሠረቱን ወደ ኋላ ግማሽ ሜትር አስረዝሙና አምስት ኪሎ አሸዋ ጫኑበት። ክፈፎቹ ክፍት ይሁኑ፣ በውስጣቸው ቀጥ ያሉ ዘንጎች ብቻ፤ በካርቶን ከደፈናችሁት መቃብር ይመስላል። መሠረቱ ላይ በጫማ መውጣት የለም፣ ፎቶ ለመነሣትም ቢሆን።

ሰብለ_ሻርጃ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቀኑን ግን አሁንም መስማማት አልቻሉም፤ ደግሞ ሁለቱም የሥራ ቀን ናቸው።

ባሕረ_ሐሳብ

የናዝሩል ልደት ጆይሽቶ 11 ነው፣ ባንግላዴሽ ላይ ሜይ 25፣ ኮልካታ አብዛኛውን ጊዜ 26። ሁለቱን ገጣሚዎች በአንድ ምሽት ማክበር በቤንጋሎች ዘንድ የቆየ ልማድ ነው፣ «ሮቢንድሮ ኖዝሩል ምሽት» ይሉታል። በሁለቱ ልደቶች መካከል ከሚውሉት ቅዳሜዎች አንዱን ምረጡ። መጥሪያው ላይ የፈረንጅ ቀን የዝግጅቱን ብቻ ጻፉ፤ ልደቶቹን «25 ቦይሻክ» እና «11 ጆይሽቶ» ብላችሁ ተዉት። ሁለት ፎቶ፣ እኩል ፍሬም፣ እኩል ከፍታ። መብራቱ በፎቶዎቹ ፊት ሳይሆን በመድረኩ ጥግ ይሁን፣ ያኔ ለናዝሩልም የሚከፋ አይኖርም።

ነጠላ_ጥለት

ጉንጉኑም እኩል ርዝመት ይኑረው። በሜትር ለኩት፣ በዓይን አትገምቱ።