ከዲሲ አካባቢ በአርቪ ወደ ሸናንዶዋ፦ የቱን እንከራይ? የቱ ዋይነሪ ጋ እንቁም?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁም። ኦክቶበር ላይ አርቪ (አልጋና ኩሽና ያለው የሚታደርበት መኪና) ተከራይተን ከሜሪላንድ ቨርጂኒያ ወዳለው ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ልንወጣ አስበናል። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆችና እናቴ ነን። ሩጫ አንፈልግም። አንድ ደህና ዋይነሪ (ወይን ጠጅ የሚሠራበትና የሚቀመስበት ቦታ) ጋ ጎራ ማለት ግን እንፈልጋለን። የምታውቁትን ጠቁሙን።

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽን ይዘሽ ከሆነ አርቪ ማሰብሽ ጥሩ ነው። አልጋውም፣ ሽንት ቤቱም፣ ጀበናውም አብሮ ይሄዳል።

ኪራዩን በሁለት መንገድ ታገኚዋለሽ። እንደ ክሩዝ አሜሪካ ያለ ትልቅ ድርጅት ጋ መኪኖቹ ተመሳሳይ ስለሆኑ ምን እንደምትረከቢ ታውቂያለሽ። ከቀን ኪራዩ ሌላ ግን ማይሉ ይቆጠራል፤ ጀነሬተሩም ለብቻው ይከፈልበታል። አውትዶርዚና አርቪሼር በሚባሉት ድረ ገጾች ላይ ደግሞ ከባለቤቱ ከራሱ ነው የምትከራዪው። ብዙዎቹ በቀን የተወሰነ ማይል በነጻ ይሰጣሉ፤ ድስትና አንሶላ የሚጨምሩም አሉ። የጽዳቱና የኢንሹራንሱ ክፍያ መጨረሻ ላይ ሲደመር ነው ጉድ የሚታየው። እስከ መጨረሻው ገጽ ሳትደርሺ ዋጋ አታወዳድሪ። ለአጭር ጉዞ እኔ ከባለቤቱ መከራየቱን እመርጣለሁ። ሲ ክላስ የሚሉት፣ 25 ጫማ ገደማ የሆነው ለአምስት ሰው ይበቃል። በተራ መንጃ ፈቃድ ይነዳል ብላችሁ ግን ትልልቁን እንዳትደፍሩ።

ከርዝመቱ ይልቅ ቁመቱን እዩ። ፓርኩን አቋርጦ በሚያልፈው መንገድ፣ ስካይላይን ድራይቭ ላይ፣ ማይል 32 አካባቢ ሜሪስ ሮክ የሚባል ዋሻ አለ፤ ከፍታው 12 ጫማ ከ8 ኢንች ብቻ ነው። ጣሪያው ላይ ኤሲ የተጫነበት አርቪ 12 ጫማን አልፎ ሊሄድ ይችላል። መኪናውን ስትረከቡ ትክክለኛውን ልክ ጠይቁ፣ በወረቀት ጻፉና መሪው ፊት ለጥፉት። በሰሜኑ በር፣ በፍሮንት ሮያል ገብታችሁ ወደ ደቡብ የምትወርዱ ከሆነ ያ ዋሻ አይቀርላችሁም። መኪናው ቁመቱ ከፍ ያለ ከሆነ በመንገድ 33 አድርጋችሁ ከዋሻው በስተደቡብ ባለው በር፣ በስዊፍት ረን ጋፕ ግቡ። ስካይላይን ድራይቭ ላይ የሚፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 35 ማይል ነው፤ ሩጫ አንፈልግም ካላችሁ ይኸው።

መግቢያው ለአንድ መኪና 30 ዶላር ነው፣ ሰባት ቀን ያገለግላል። እናትሽ 62 ዓመት ከሞላቸውና ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ካላቸው ግን የአረጋውያኑን ፓስ ያውጡ። የዓመቱ 20፣ የዕድሜ ልኩ 80 ዶላር ነው። እሳቸው ካሉ መኪናው ውስጥ ያላችሁት ሁሉ በዚያው ትገባላችሁ።

ለማደር ፓርኩ ውስጥ ያለውን የካምፕ ቦታ፣ ቢግ ሜዶውስን የሚያህል የለም። ጠዋት በር ስትከፍቱ አጋዘን ሜዳው ላይ ሲግጥ ልታዩ ትችላላችሁ። የመብራትና የውሃ መስመር ግን የለውም፤ ጀነሬተርም በተወሰነ ሰዓት ብቻ ነው የሚፈቀደው። እናትሽ ብርድ የማይችሉ ከሆነ ከፓርኩ ውጭ ሉሬይ ከተማ ያለው ኬኦኤ የሚባለው የካምፕ ቦታ ይሻላል። መብራቱን ትሰኩታላችሁ፣ ማሞቂያው ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። በውበት ግን ከቢግ ሜዶውስ ጋር አይወዳደርም።

ዋይነሪ ላይ ምርጫዬ ባርበርስቪል ነው። ከስዊፍት ረን ጋፕ በመንገድ 33 ወደ ምሥራቅ መውረድ ብቻ ነው። በ1976 ጣሊያናዊው ዞኒን ቤተሰብ የመሠረተው ነው። ኦክታጎን የሚባለውን ቀይ ወይናቸውን ቅመሱ፤ ዋናው ፍሬው ሜርሎ የሚባለው የወይን ዓይነት ነው፣ ጠንከር ይላል። ጣፋጭ ወይን የለመደ ሰው መጀመሪያ ላይ ፊቱን ሊያጨማድድ ይችላል። ግቢው ውስጥ ቶማስ ጄፈርሰን ንድፉን ያወጣለት የቨርጂኒያ ገዥ የነበረው የጄምስ ባርበር ቤት ፍርስራሽ አለ። በ1884 በገና ዕለት ነው የተቃጠለው። ጣሪያ የለውም፣ የጡቡ ግድግዳና አምዶቹ ግን ቆመዋል። ልጆቹ እሱን ሲያዩ እናንተ ትቀምሳላችሁ። ሹፌሩ ማን እንደሆነ ግን ከቤት ሳትወጡ ተነጋገሩ።

ሌላ አስተያየት፦ ወንድሜ፣ ከልጆች ጋር ከሆነስ ክሮዜት ከተማ ያለው ኪንግ ፋሚሊ ዋይነሪ አይሻልም? በወቅቱ እሑድ እሑድ ፖሎ (በፈረስ ላይ ሆነው የሚጫወቱት ኳስ) አለ፣ በነጻ ነው። ፈረስ ያየ ልጅ ስልክ አይጠይቅም።

መልስ፦ ልክ ነህ፣ ቀኑ እሑድ ከሆነ እኔም ወደዚያ እላለሁ። ለሱ መውጫው የፓርኩ የደቡብ ጫፍ በር፣ ሮክፊሽ ጋፕ ነው። የፖሎው ወቅት ኦክቶበር አጋማሽ ላይ ስለሚያልቅ ቀኑን ቀድመው ያረጋግጡ። ሁለቱንም በአንድ ቀን ማለት ግን አይሆንም፤ በአርቪ ከዋይነሪ ዋይነሪ መዞር ድካም እንጂ ሽርሽር አይደለም።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ዋይነሪው ግቢ ውስጥ ማደር ይቻላል የሚሉትስ?

መልስ፦ ሃርቨስት ሆስትስ የሚባለውን ነው። የዓመት ክፍያ ከፍለሽ አባል ትሆኛለሽ፤ ከዚያ አባል የሆኑ ዋይነሪዎችና እርሻዎች ግቢያቸው ውስጥ አንድ ሌሊት ያሳድሩሻል። የማደሪያ አይጠይቁሽም፣ ግን አንድ ነገር መግዛት ወጉ ነው። ለአንድ ጉዞ ብቻ ከሆነ አያዋጣም። በዓመት ደጋግማችሁ የምትወጡ ከሆነ ክፈሉ። አሁን ዋናው ቢግ ሜዶውስን መያዝ ነው። ኦክቶበር ሰው ሁሉ ቅጠል ለማየት ስለሚወጣ ቅዳሜና እሑዱ ቶሎ ያልቃል፤ ካልተገኘ የሳምንቱን መካከል ሞክሩ።