የነጥብ ሽልማቱ ብስክሌት ሱቄን እየበላብኝ ነው፤ ልዝጋው ወይስ ይስተካከላል?

መሪ_ጨባጯ

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ የብስክሌት ሱቅ አለኝ። እኔ፣ ታናሽ ወንድሜና አንድ መካኒክ ነን። ከዓመት ከመንፈቅ በፊት ደንበኛ ለመያዝ ብዬ ነጥብ ጀመርኩ። ደንቡ ቀላል ነው፤ ማንም ሰው ከከፈለው ላይ 5 በመቶ በነጥብ ይያዝለታል፣ በፈለገ ጊዜ በፈለገው ዕቃ ይወስደዋል። ስልክ ቁጥሩን ኤክሴል ላይ እንመዘግባለን፣ አለቀ። ያኔ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ ደንበኛ ጥሩ ብስክሌት ገዛ፣ ነጥቡም እዚያው ተመዘገበለት። በማግስቱ መጥቶ በነጥቡ ሄልሜትና የብስክሌት ማሰሪያ ቁልፍ ወሰደ። ደስ ብሎኝ ሸኘሁት። በአምስተኛው ቀን ብስክሌቱን እየገፋ መጣ። ፍሬሙ አነሰኝ፣ ጉልበቴ መሪው ጋ እየደረሰ ነው አለ። እውነቱን ነው፣ ስንሸጥለት ልናየው ይገባን ነበር። ግድግዳችን ላይ ደግሞ «በ14 ቀን ውስጥ ይመለሳል» የሚል ተለጥፏል። ገንዘቡን ቆጥሬ መለስኩለት። ሄልሜቱ ግን ጭንቅላቱ ላይ ነው! አየሁት፣ አየኝ፣ ሁለታችንም ስለ ሄልሜቱ ሳናነሳ ተለያየን።

ማታ ቁጭ ብዬ ኤክሴሉን ደመርኩት። ያልተወሰደው ነጥብ የሁለት ወር የሱቅ ኪራይ ያህል ሆነ። ሁሉም በአንድ ሳምንት ቢመጡስ? ሌላም ጉድ አየሁ። አንድ ስልክ ቁጥር ላይ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ነጥብ ይገባል። የማን ነው ብዬ ስደውል አጠገቤ ያለው የወንድሜ ስልክ ጮኸ። ደንበኛው ነጥብ አልፈልግም ሲለው ለራሱ ይመዘግባል ለካ። «ከሚባክን ብዬ ነው» አለኝ።

ልዝጋው? ወይስ የሚስተካከል ነገር አለው?

ሁለት_ጎማ

እህቴ፣ ይቅርታ፣ በወንድምሽ ሳቅኩ። የኛም ካሸር ልክ እንዲሁ ነበር ያደረገው። የተጣለ ነገር ያነሱ ነው የሚመስላቸው። ደንቡ ላይ ጻፊው፤ ስልኩን ያልሰጠ ደንበኛ ነጥብ የለውም፣ ሠራተኛ ነጥብ አይዝም። ለሠራተኛ የራሱ ቅናሽ ይኑረው።

ዋናው ችግርሽ ግን 5 በመቶውን በሁሉም ነገር ላይ እኩል መስጠትሽ ነው። ብስክሌቱ መሸጫው 100 ነው እንበል፣ አንቺ ያመጣሽው በ70። ትርፍሽ 30 ነው፣ ኪራዩም ደሞዙም የሚወጣው ከሱ ነው። ደንበኛው ተከራክሮ 10 አስቀነሰሽ። ቀረሽ 20። ከዚያ በከፈለው 90 ላይ 5 በመቶ ስትሰጪ 4 ተኩል ሄደ ማለት ነው፣ ከቀረሽ ትርፍ ወደ ሩብ የሚጠጋ! መቼም ይህን በጥሬ ገንዘብ ቀንሺልኝ ቢልሽ እሺ አትይውም ነበር።

አንዳንዱ «በዕቃ ስለሚወስደው እኔን የሚያስወጣኝ የመጣበት ዋጋ ብቻ ነው» ይላል። አንዳንዴ ልክ ነው። ቁልፉን በራሱ ገንዘብ ሊገዛ ለመጣ ሰው ግን በነጥብ ስትሰጪው ሙሉውን መሸጫ ዋጋ ነው ያጣሽው።

እኔ ሙሉ ብስክሌት ላይ ያለውን ወደ 1 በመቶ አወረድኩት። ጭራሽ ባጠፋው ሰው ይቀየማል ብዬ ነው። መለዋወጫና የጥገና የእጅ ዋጋ ላይ 5 በመቶው ይቆይ። በቅናሽ የተሸጠ ዕቃ ነጥብ የለውም፣ በነጥብ የተከፈለም እንደገና ነጥብ አይወልድም፣ ይህቺን ሳትጽፊ እንዳትቀሪ። ደግሞ ነጥቡ የሚከፈተው የመመለሻው ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ያንቺ 14 ቀን ከሆነ በ15ኛው ቀን። ሰውዬው ያኔ ሄልሜት አድርጎ አይመጣብሽም ነበር።

ቅባት_በእጁ

እኔ የምውለው ጥገና ላይ ስለሆነ ነገሩን ወደ ራሴ ልጎትተው። ብስክሌት የገዛ ሰው ሌላ ለመግዛት ዓመታት ይፈጅበታል። ሰንሰለት ግን ያልቃል፣ የፍሬን ሸራ ያልቃል፣ ከመነዳሪ ይበሳል። ነጥብሽ ሰውን መጥራት ያለበት ወደነዚህ ነው።

አዲስ ብስክሌት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የማርሹና የፍሬኑ ሽቦ ይላላል፣ ማርሹ አልገባ ይላል። ሰውዬው ደግሞ «ይሄ ሱቅ የሸጠልኝ ብስክሌት» እያለ ያማል። ለሱ ነጥብ ከምታበዢለት የመጀመሪያውን ማስተካከያ በነጻ አድርጊለት። ሩብ ሰዓት ቢወስድ ነው። ሲመጣ በሩን ይለምዳል።

በኋላም ሰንሰለቱን ለክተሽ አሳዪው። የባለ 11 እና የባለ 12 ማርሽ ሰንሰለት ተበልቶ 0.5 በመቶ ሲረዝም መቀየር አለበት፣ ከዚያ በታች ያሉት እስከ 0.75 ይታገሣሉ። ካለፈ ሰንሰለቱ የኋላውን ጥርስ ይበላዋል፣ ያኔ ሁለቱንም ነው የሚገዛው። እኔ ምንም አላወራም። መለኪያውን ሰንሰለቱ ላይ አስቀምጣለሁ፣ የመለኪያዋ ጥርስ ጥልቅ ብላ ስትገባ ሰንሰለቱ ማለቁን ደንበኛው ራሱ ያያል። «ነጥብ አለህ፣ የእጅ ዋጋውን ይሸፍንልሃል» ስትዪው በዚያው ቀን ያስቀይራል።

ደግሞ ለጥገና የማኅተም ካርድ፣ ማለትም በመጣ ቁጥር ማኅተም የሚመታበት፣ ሲሞላ አንዱ በነጻ የሚሆንለት ካርድ ካሰብሽ ባዶውን አትስጪ። ኑነስና ድሬዝ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ጥናት አለ። መኪና እጥበት ቤት ውስጥ 300 ካርድ አደሉ። ግማሹ 8 ማኅተም የሚፈልግ ባዶ ካርድ ነው፣ ግማሹ 10 የሚፈልግ፣ ግን ሁለቱ አስቀድሞ የተመቱበት። ለሁለቱም የቀራቸው 8 ነው። ባዶውን ከያዙት 19 በመቶው ጨረሱ፣ ሁለት ከተመታላቸው ግን 34 በመቶው። ሰው የጀመረውን መተው ይከብደዋል መሰለኝ።

ደብተር_ያዥ

የሂሳብ ሰው ነኝ። ያስደነገጠሽ ድምር ስሙ ዕዳ ነው። ነጥብ ስትሰጪ የነገ ዕቃ ዛሬ ሸጠሻል፣ ገንዘቡንም ተቀብለሻል። ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ 15፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ያለው፣ የሚያየው እንዲሁ ነው። በ100 ሸጠሽ 5 የሚያወጣ ነጥብ ሰጠሽ እንበል። ከነጥቡ 80 በመቶው ይወሰዳል ብለሽ ከገመትሽ ዋጋው 4 ነው። 100ውን ለ104 አካፍለሽ ስትደለድዪው የዛሬ ሽያጭሽ 96.15 ነው፣ 3.85ቱ ነጥቡ እስኪወሰድ ወይም እስኪቃጠል ዕዳ ሆኖ ይቀመጣል።

ትንሽ ሱቅ በዚህ ደረጃ ላይገደድ ይችላል። ግን በየወሩ መጨረሻ ሦስት ቁጥር ጻፊ፤ የተሰጠ፣ የተወሰደ፣ የቀረ። የቀረው በየወሩ እያበጠ ከሄደ ወይ ሰው ረስቶታል ወይ ለአንድ ትልቅ ነገር እያጠራቀመ ነው፣ ሁለተኛው ነው የሚያስፈራው። ማብቂያ ቀንም ይኑረው። ከመጨረሻው ግዢ 12 ወር ጥሩ ነው፣ የአገርሽ ሕግ ምን እንደሚል ግን አስቀድመሽ ጠይቂ።

ቀጥ_በይ

እኔ ዝጊው ባይ ነኝ። ሦስት ሰው የሚሠራበት ሱቅ ኤክሴል ሲደምር ያመሻል እንዴ? የካምፕና የስፖርት ዕቃ የሚሸጠው የአሜሪካው አርኢአይ ለአባላቱ በዓመት አንዴ፣ በተለምዶ 10 በመቶ ይመልሳል፣ አውቃለሁ። ግን እሱ እ.ኤ.አ. በ1938 የተመሠረተ የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው፣ አባላቱ ባለቤቶቹ ናቸው። እሱም ቢሆን የሚመልሰው ሙሉ ዋጋ በተከፈለበት ዕቃ ላይ ነው። አንቺ የደንበኛሽን ስም ታውቂያለሽ፣ ጎማውን በነጻ ነፍተሽ ትሰጪዋለሽ። ከዚያ የበለጠ ነጥብ ምን ያደርግለታል?

ዳገት_ወጪ

ባለ ሱቅ አይደለሁም፣ ገዢ ነኝ። ዝጊውም ቀይሪውም፣ የተሰበሰበውን ነጥብ ብቻ አትንኪ። አንድ ሱቅ ለጎማ ሳጠራቅም የነበረውን ነጥብ አንድ ቀን ጠዋት «ደንቡ ተቀይሯል» ብሎ ዜሮ አደረገብኝ። ብሩ ብዙ አይደለም። ግን የተዘረፍኩ ያህል ነው የተሰማኝ፣ ከዚያ ወዲህ በዚያ በር አላለፍኩም። ሦስት ወር ቀደም ብለሽ ንገሪ፣ አሮጌው ነጥብ በአሮጌው ደንብ ይለቅ።

መሪ_ጨባጯ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ መመለሴ ነው። አልዘጋሁትም። ሙሉ ብስክሌት 1 በመቶ፣ መለዋወጫና የእጅ ዋጋ 5 በመቶ፣ ቅናሽ ላይ ምንም። የሚጀምረው ከሦስት ወር በኋላ ነው፣ ለሁሉም በስልክ መልእክት ላክን። ቀጥ_በይ፣ ስለ ኤክሴሉ ልክ ነህ፣ ግን ወንድሜን ለቅጣት እሱ ይደምር ብዬዋለሁ፣ የወሩንም ሦስት ቁጥር እሱ ነው የሚጽፈው። የራሱን ነጥብ ራሱ ነው የሰረዘው፣ ፊቱ ግን ያስቅ ነበር።

የ15 ቀኑን ወዲያው ጀመርኩ። ያ ባለ ሄልሜቱ ሰውዬ ተመልሶ መጣ፣ አንድ ቁጥር የሚበልጥ ፍሬም ሊገዛ። በዚህ ጊዜ አስቀምጠን፣ ለክተን፣ ኮርቻውን አስተካክለን ነው የሸጥንለት። ነጥቡ በ15ኛው ቀን ነው የሚከፈተው ስለው ትንሽ ዝም አለና «እንግዲህ የሄልሜቱን ከዚያ ላይ ቀንሺው» አለኝ። ቁልፉን አላነሳም። እኔም አላነሳሁም።